ቅል ባገሩ

ሲወለድ ደካማ፣ ልቅሶውም በቀስታ፣
አባቱ አዩትና በሐዘን ፈገግታ
«ምን ይችል?» አሉና ስሙ ሆኖ ቀረ፤
ሰባ ዓመት ሙሉ ሲመልሰው ኖረ።

መጀመሪያ ብራና። መሪጌታ ላቀው
ቆዳውን አስፍቀው፣ ቀለም አስጨቅጭቀው
«መልአክ ሣል» ቢሉት ሠራላቸው መልአክ፤
ዓይነ ትልቅ፣ ጉንጨ ሙሉ፣ የጠላ ሻጯ ልክ።
መሪጌታው አዩና አንገታቸውን ደፉ፤
«ይህችስ ታውቀኛለች» ብለው ብራናውን አጠፉ።

ከዚያ ወረደ ገበያ፣ ከብራና ወደ ቆርቆሮ፦
የፀጉር ቤት ማበጠሪያ፣ የሆቴል ቤት ሙሉ ዶሮ፣
የጥርስ ነቃይ መንጋጋ፣ የወፍጮ ቤት ጆንያ፣
አንገቷ የረዘመ ሙሽራ፣ ለፎቶ ቤት ማስታወቂያ።
ያልቀባው ግድግዳ በቢቸና የለም፤
አንዱ በቅቤ ከፈለው፣ ሌላው በባዶ ሰላም።

መሠረተ ትምህርት መጣ፤ «መጽሐፉን ሣል» ተባለ፤
ለ«በ» በሬ ሣለ፣ ለ«ጠ» ጠርሙስ ሣለ።
ታትሞ ሲመጣ ግን ማተሚያው ቆርጦበት፣
ሰባት መቶ ጎዳ በሬ ተበተነ በየቤት።
እየዞረ ሰበሰበው፤ አንድ ባንድ ቀንድ ሠራ።
ኩራዙን እኔ ያዝሁለት። ከዚያ ጀመረ ያ ሥራ።

ቅሉን ያየው ያኔ ነው። የተሰነጠቀ ቅል፣
ጎረቤት አውጥቶ የጣለው፣ ወተት መያዝ የማይችል።
አገላበጠውና «ይህም ሰው ነው» አለ፤
አፍንጫ በሰም ለጠፈ፣ በቆሎ ጥርስ ተከለ፣
ቃጫው ፀጉር ሆነለት፣ የጃንጥላ ሽቦው እጅ፤
ልብስ ሰፊው ኮት ሰጠው። ተወለደ የቅል ልጅ።

ቅዳሜ ገበያ መሐል፣ ከአቡጄዲ መጋረጃ ላይ፣
ብድግ አለ ክር ሲሳብ፤ ሰው ተጋፋ እሱን ሊያይ።
«ዳኛ ቅሌ እባላለሁ፤ ባዶ ነው ጭንቅላቴ፣
እንደ ሙክቱ ክብደት ነው የፍርዴ ሚዛን፣ እናቴ!»
እህል ሸማቹ ሳቀ፣ ቅቤ ሻጯ ሳቀች፤
አንዲት ባለጉዳይ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጤና ጣቢያ ቀጠረው፣ ለወባ ትምህርት ብሎ፤
ወረድን አባይ በረሃ፣ አሻንጉሊት በበቅሎ።
ከጃንጥላ ጨርቅ የሠራት ትንኝ ስታንዣብብ ማታ፣
አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ በዱላ ክንፏን መታ።
«ልጄን የበላች እሷ ናት!» አለ። ማንም አልሳቀ።
ምንይችል ያችን ክንፍ ጠግኗት አላወቀ።

አዲስ አበባም ጠሩት። ባለ ላስቲክ ባለ ሞተር
አሻንጉሊት አሳይተው፣ «እዚሁ ቅር፣ ደመወዝ ቁጠር።»
«ቅል ባገሩ» አለና በማግስቱ ተሳፈረ፤
የተረቱ ድንጋይ ግን ቢቸና ቆሞት ነበረ፦

አዲስ ሹም ነው። መጥቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤
ዳኛ ቅሌን እያየ፣ ፊቱ እየተለዋወጠ፣
«ይህ አፍንጫ የማን ነው?»
                         «ሰም ነው፣ ጌታዬ፣ ሰም።»
«ሰሙን ተወው! ወርቁን አውጣ!»
                         ምንይችል ዝም።

እሱን ለቀው ቅሉን አሰሩት። በኤግዚቢት መዝገብ ሰፈረ፦
«አንድ ራስ፣ ጥርሱ በቆሎ፣ ከነኮቱ።» እዚያው ቀረ።
አራት ዓመት ጠየቅነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደን፤
ዘበኛው በመስኮት ያሳየን ነበር፣ «ደህና ነው» እያለን።
ጥርሱን አይጥ እንደጨረሰችው የነገረን በኋላ ነው፣ በኋላ፤
ምንይችል ሳቀ፦ «እንግዲህ ሙክቱን በምን ሊበላ?»

አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። መስመር አልታዘዝም አለ።
ከሁለት ዓመት ወዲህ አንዲት ዶሮ እንኳ አልሣለ።
ብሩሹን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣራው ሥር ወሸቀው፤
ያን ቀን ቤቱ ሄጄ ነበር። ምን እንደምል ጨነቀኝ፣ እሱንም ጨነቀው።

ባለፈው ጥቅምት ግን ትምህርት ቤት ጠሩን። አዲስ ቅል ይዞ መጣ፦
ሽበታም፣ ባለ ከዘራ፣ አንድ ዓይኑ ቀለም ያጣ።
መብራት አለ፣ አምፖል አለ። እኔ ኩራዜን ይዣለሁ፤
ልማድ ነው፤ ከጎኑ ቆሜ ክር ሲያስር አየዋለሁ።

ሽማግሌው ተራመደ። ጉልበቱን ብርክ ያዘው፣
ከዘራው መሬት ፈለገ፣ አንገቱ ተናወጠው፤
ይህን የመሰለ እርጅና በጤናማ እጅ አይሠራም።
አዳራሹ ጸጥ። ወንበር እንኳ አልተንቋቋም።

«ደግፉት!» ብላ ጮኸች አንዲት ልጅ ከኋላ ረድፍ።
ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ፤
የቱን ልደግፍ?